ሐጂ ዛሬም መጥተው ተቀመጡ

ጥቅምት 6 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ገበያ ነበር። ወፍጮውን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ጠዋት ሁለቴ ወለቀ። በቆሎ ያመጡ ሴቶች በር ላይ ተሰልፈው ሲረግሙኝ ዋሉ... ደግሞ በጉራጊኛ ነው የሚረግሙኝ። ሃያ አምስት ዓመት ቡታጅራ የኖረ ሰው የማይገባው መስሏቸው! የመንዝ ሰው ጆሮ የለውም ተብሏል እንዴ?

ከስግደት በኋላ ሐጂ ሙሀመድሰይድ መጡ። እንደ ወትሯቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"እንዴት ነህ አቶ ሽባባው? ጤና?"

ደህና።

"ወርቅውሃስ?"

ሚስቴም ደህና ናት።

"ልጅህስ?"

ደህና ነው።

"ወፍጮውስ?"

እሱም ደህና ነው... በቃ። ከዚያ ወዲያ ዝም። እኔ ጆንያ አነሳለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። እኔ ሳንቲም እቀበላለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። ማምሻውን "ደህና እደር" ብለው ሄዱ።

ስለ ገንዘቡ? አንድ ቃል የለም። ወፍጮውን በዱቤ የሸጡልኝ እሳቸው፣ እስካሁን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ያለባቸው... ማለቴ ያለብኝ እኔ፣ ዝም የሚሉት እሳቸው። ወለድ አይወስዱም፣ ሃራም ነው። ቀንም አልቆረጡልኝም። "ሲኖርህ" ነው ያሉኝ። ሲኖርህ ማለት መቼ ነው? መጀመሪያ አካባቢ ደህና እከፍል ነበር፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ሞተሩ ከተሰበረ ወዲህ ግን ቆመ። እሳቸው ግን ዓርብ ዓርብ አይቀሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

ትናንት ሀብተወልድ ጠጅ ቤት አገኘኝ። አውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። በጥር ጡረታ ይወጣል። ከመስከረም ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

"አየህ ሽባባው፣ እኔ ቁጭ እላለሁ፤ መንግሥት ይከፍለኛል።"

"ለምኑ?"

"ቁጭ ላልኩበት ነዋ!"

"እስከ መቼ?"

"እስክሞት።" እስክሞት ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ! ሠርግ የተጠራ ሰው እንኳ እንደዚያ አይደሰትም። ከዚያ ብርሌውን አስቀምጦ በሐዘኔታ አየኝ። "ነጋዴ ጡረታ የለውም፣ አይደል?" አለ።

ጠጁ መረረኝ። ከፍዬ ወጣሁ። የሱንም የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ያ የወደፊት ባለጸጋ።

ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። ቅዳሜ ጆንያ ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ፣ ረዳቴ ሰይዶ ወፍጮውን ትቶ ነው ደግፎ ያነሳኝ። ሥራ ስተው ማን ሊያበላኝ ነው? ማታ ስገላበጥ አንድ ነገር መጣልኝ። ከወፍጮው ጀርባ ባዶ ቦታ አለኝ። ሁለት ክፍል ቤት... ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ በሩ ወደ መንገድ። አሥር አሥር ብር ቢከራይ በወር ሃያ ብር። እኔም ቁጭ ብዬ! ጠዋት አናጢውን ጠየቅሁት። "ስድስት መቶ ብር ካለህ ነገ ልጀምር" አለኝ።

የለኝም። ቢኖረኝስ የማን ነው? የሐጂ አይደለም?

ጥቅምት 10

ከልጄ ከፈቃደ ደብዳቤ መጣ፣ ካዲሳባ። ለጤናዬ እንደምን እንዳለሁ ከጠየቀ በኋላ ሃያ ብር ላክልኝ ይላል። ወርቅውሃ "ልጅ ማለት ጡረታ ነው" ትላለች። ይሄኛው ግብር ነው።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

እቁብ ገባሁ! ዳኛው ሸምሶ ነው፣ በርበሬ ነጋዴው። የምንሰበሰበውም እሱ ቤት ነው። ሃያ አራት ሰው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሃያ አምስት ብር። ዕጣ የደረሰው ስድስት መቶ ይዞ ይሄዳል። አናጢው እንዳለው እቅጩን!

የኔ ሐሳብ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ሌላው ሁሉ ቶሎ ይድረሰኝ ይላል፤ እኔ መጨረሻ ይድረሰኝ ነው የምለው። ምክንያቱም ቶሎ የደረሰው ተበዳሪ ነው፣ በልቶ ዓመቱን ሙሉ ሲከፍል ይኖራል። ያጠራቀመ የሚባለው የመጨረሻው ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሁለተኛ ዕዳ ምን ያደርግለታል? ይሄን ለሸምሶ ባስረዳው ግራ ገብቶት አየኝ። "ወላሂ እንዲህ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም" አለ።

ወርቅውሃ ነገር አበላሸች። "ለእቁብ በወር ሃምሳ ብር ካገኘህ ለሐጂ እንዴት አጣህ?" አለችኝ።

"ሐጂ መች ጠየቁኝ? እቁብ ይጠይቃል!"

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። መልስ ስትሰጠኝ ይሻላል።

ሐጂ ቢሰሙስ? አስቤበታለሁ። ባለፈው ዓርብ "እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገብቻለሁ" ብያቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

ዛሬ አንቱታውን ትቼዋለሁ። ሐጂ መጣ። ሐጂ ተቀመጠ።

መምጣቱን አውቄ ተዘጋጅቼ ነበር። ሸምሶን የማረቆ በርበሬህን ዓርብ ከሰዓት አምጣ፣ በቅናሽ እፈጭልሃለሁ ብዬው ስድስት ጆንያ ጫነ። ሐጂ ጤናዬን ጠይቆ ሳይጨርስ ለሰይዶ ምልክት ሰጠሁት። ሞተሩ ተነሣ።

ሐጂ አስነጠሰ። "አልሐምዱሊላህ" አለ።

"ይማርዎት" አልኩ።

ደግሞ አስነጠሰ። "አልሐምዱሊላህ።" ይማርዎት። ሦስተኛ። አራተኛ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው ሸሹ። ሰይዶ ከዓይኑ በቀር ምኑም አይታይም። ሐጂ ንቅንቅ የለም! እኔ ዓይኔ አብጦ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ጉሮሮዬ እየነደደ ወጥቼ ከጀርባ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ከገዛ ወፍጮዬ ተባርሬ! በግድግዳው በኩል ይሰማኛል... እጥሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እጥሽ፣ አልሐምዱሊላህ።

በርበሬው ሲያልቅ ተመለስኩ። ሐጂ ዓይኑን በጥምጣሙ ጫፍ እየጠረገ ነበር።

"አቶ ሽባባው፣ አላህ ይስጥህ። ሳምንቱን ሙሉ አፍንጫዬ ታፍኖ ነበር፤ አሁን ተከፈተልኝ። ደግሞ መቼ ነው በርበሬ የምትፈጨው?"

ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ?

ጥቅምት 29፣ እሑድ

ጉድ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ዕጣ እንደ ደንቡ ዳኛው ነው የወሰደው፣ ሸምሶ። ዛሬ ሁለተኛው ነበር። ሸምሶ ቆርቆሮውን ነቀነቀ፣ ነቀነቀ፣ አንዷን ወረቀት አወጣ፣ ገለጠ... "ሽባባው!"

ጭብጨባ። ትከሻዬን የመታኝ ሰው ብዛት! "ወጣልህ! ወጣልህ!" ይሉኛል። ወጣብኝ እንጂ ምን ወጣልኝ። መጨረሻ አድርገኝ ብዬ የጸለይኩት ከሰማይ ሲደርስ ተገለበጠ እንዴ? አሁን የሐጂ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የእቁቡ። ለእርጅናዬ ላጠራቅም ገብቼ የሁለት ቤት ባለዕዳ ሆኜ ወጣሁ።

የኔን ዕጣ ለሌላ ልለውጥ አልኩ። ሁለት ሰው ዘሎ ተነሣ። ሸምሶ ግን "አይቀየርም! ዓምና ተቀያይረው ተደባድበው፣ እኔ ነኝ ያስታረቅሁ። ዋስ አምጣና ብርህን ውሰድ" አለ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ወርቅውሃ እልል ብላ ተቀበለችኝ። ነገሩን ሳስረዳት መሬት ተቀምጣ ሳቀች። እኔስ? እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅሁ... ምን ላድርግ።

ኅዳር 1፣ ማክሰኞ

ሀብተወልድን ዋስ ይሁነኝ ብዬ ወሰድኩት። ኮቱን ለብሶ፣ ከረባቱን አሥሮ መጣ። ሸምሶ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"ይሄ ሰውዬ በጥር ሥራ የሚለቅ አይደል?"

"ጡረታ ነው የምወጣው!" አለ ሀብተወልድ።

"ያው ነው። ቤት አለህ?"

"የመንግሥት ቤት ነው የምኖረው።"

"ጥር ስትወጣ ቤቱንስ?"

ሀብተወልድ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። ይሄን አስቦበት የማያውቅ ይመስለኛል።

"ከብት አለህ? እንሰት?"

"ጡረታ አለኝ አልኩህ እኮ!"

"አቶ ሽባባው ሳይከፍል ቢቀር ጡረታህን እንደ ከብት ልነዳው እችላለሁ?" አለ ሸምሶ። ሀብተወልድ ከረባቱን እያላላ ወጣ። ደግ አልሰራሁም፣ ግን በውስጤ ትንሽ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሸምሶ ወደኔ ዞረ። "አንተ ደግሞ ምን አስቸገረህ? ወዳጅህን አምጣ።"

"የቱን ወዳጄን?"

"ሐጂን ነዋ! ዓርብ ዓርብ የት ነው የሚውሉ? ልጆቻቸው ሱቅ እንኳ እንዳንተ ቤት አይቀመጡ። እንዴ፣ ይሄ አገር ሁሉ የሚያውቀው ነው። እቁብ ስትገባ ዋሱ ማነው ብለው ሰዎች ጠየቁኝ፤ ሐጂ የማይለየው ሰው ነው፣ ምን ዋስ ያሻዋል፣ አልኩ።"

ዕዳውን የምናውቀው እኔና ወርቅውሃ፣ ሐጂና ልጆቻቸው ብቻ ነን። ሐጂ ለሰው አውርተው አያውቁም። ለካ ከተማው እዚያ አግዳሚ ላይ የሚያየው አበዳሪ አይደለም። እኔን ሦስት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ሌላው ሰው ዘንድ ስሜን አስከብሮልኛል! ናፍጣ ሻጩ በዱቤ የሚሰጠኝም ለዚሁ ይሆን?

አሁን የት ልግባ? ካበዳሪዬ ደብቄ ለገባሁበት እቁብ፣ አበዳሪዬን ዋስ ሁነኝ ልበለው?

ኅዳር 4፣ ዓርብ

ረመዳን ነው። ሐጂ ጾመው መጡ፣ ጾመው ተቀመጡ። ውሃ እንኳ አልጠጡም። ከንፈራቸው ደርቆ እያዩኝ ዋሉ። ልነግራቸው ሦስቴ አፌን ከፈትኩ። ሦስቴም ስለ በቆሎ ዋጋ ተናገርኩ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ጾም ከፈቱ በኋላ ይሻላል ብዬ መሸት ሲል። ወርቅውሃ ተምር ገዝታ አስያዘችኝ። "ባዶ እጅህን አትሂድ። ስንት ዓመት ባዶ እጅህን ኖረህባቸዋል" አለችኝ። እንግዲህ እሷ ስታበረታታ እንዲህ ነው።

ባለቤታቸው እሜቴ ዘይባ ሾርባ ሰጡኝ። አንድ ሁለቴ እንደጠጣሁ፣

"ሐጂ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር የመጣሁት..."

"ገንዘብ ልትሰጠኝ ከሆነ ዛሬ አይሆንም" አሉ ቶሎ ብለው።

ሾርባው ትን አለኝ። እሜቴ ዘይባ ጀርባዬን መቱኝ። ነፍሴ ስትመለስ "አይ... ዋስ እንዲሆኑኝ ነው" አልኩ።

"የምን ዋስ?"

"የእቁብ።"

"የሸምሶ እቁብ? እሑድ እሑድ ያለው?"

"አዎ።"

"እ..." አሉ ጢማቸውን እየዳሰሱ። "እኔ ደግሞ ሰንበቴውን ወደ ሸምሶ ቤት አዛወሩት እንዴ እያልኩ ስገረም ነበር። እስላም ቤት ሰንበቴ ሲጠጣ ሰምቼ አላውቅ።"

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ያውቁ ነበር! ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ያውቁ ነበር!

"ገንዘቡ ለምን አስፈለገህ?"

ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል። ሁሉን ዘረገፍኩት። ሀብተወልድን፣ ወገቤን፣ ፈቃደን፣ ሁለቱን ክፍል። "ለእርጅናዬ ነው ሐጂ" አልኩ። ድምፄ ራሱ አሳፈረኝ።

ከዚያ ሳቅ ጀመሩ። ሰውነታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ዘይባ! ነይ ስሚ! ይሄ ሰው ለእርጅናው ያጠራቅማል! እኔ እኮ አርጅቻለሁ!"

እሜቴ ዘይባም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ልቤ ተነካ። እውነታቸውን ነው... የማላውቀውን የኔን እርጅና ስጠብቅ፣ የሳቸው እርጅና አግዳሚዬ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። "ሐጂ፣ ይውሰዱት። ስድስት መቶውን እንዳለ ይውሰዱት" አልኩ። ከልቤ ነበር? እንጃ። ግማሹ ከልቤ ነበር።

ሳቁ ጠፋ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደኔ ተጠጉ፣ ክንዴን ጨመቁ።

"ቀስ በል! ልጆቼ ይሰማሉ!"

ከዚያ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሱቁን ለልጆቻቸው ከለቀቁ ቆየ። "አባባ በቃህ፣ እረፍ አሉኝ። አረፍኩ። አሁን የጫት ሳንቲም እንኳ ከልጄ ከአሚኑ ነው የምቀበለው። ምን ሊያደርግልህ ነው ይለኛል። እኔን! ሱቁን የከፈትኩትን! ስድስት መቶ አንድ ላይ ብታመጣልኝ ለሱቁ ዕቃ ብለው በማግሥቱ ይካፈሉታል። የራሴ የምለው የቀረኝ ያንተ ዕዳ ነው።"

"ታዲያ ዓርብ ዓርብ..."

"የት ትሄዳለህ ይሉኛል። ባለዕዳዬን ልጠይቅ እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል። ቤት ውስጥ አልቀመጥ... የልጅ ሚስቶች፣ ጫጫታ..."

"ግን እኮ ጠይቀውኝ አያውቁም!"

"ብጠይቅህና ብትከፍለኝስ?"

ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት እኔ ይጠይቁኝ ይሆን ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ይከፍለኝ ይሆን ብለው ሲፈሩ ነው የኖርነው።

ነገሩን እዚያው ጨረስን። ስድስት መቶው ሁለቱን ክፍል ይሠራል። አንደኛው ኪራይ የኔ። ሁለተኛው ኪራይ የሐጂ፣ በየወሩ ከእጄ ወደ እጃቸው፣ ዕዳው እስኪያልቅ።

"ስንት ዓመት ይፈጃል?" አሉ።

አሰብኩ። "አሥር ዓመት።"

"ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"ኢንሻአላህ ይኖራሉ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ የመንዙ!

"ጡረታ የምትሉት ይሄ ነው?"

"ይሄው ነው ሐጂ።"

"ጥሩ ነገር ነው" አሉ ተምር እየበሉ። "ለልጆቼ እንዳትነግር።"

ኅዳር 6፣ እሑድ

ሐጂ ሸምሶ ቤት መጥተው ፈረሙልኝ። ሸምሶ "ሐጂ ካሉ ሁለተኛ ዋስ አልፈልግ" ብሎ ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። አናጢው ነገ ይጀምራል። ወርቅውሃ ግን ገንዘቡን ከእጄ ተቀብላ ጓዳ አስገባችው። "ጠጅ ቤት አቋርጠህ ነው የምትሄደው" አለችኝ።

ታኅሣሥ 18፣ እሑድ

ቆርቆሮው ተመታ። ያብረቀርቃል! ዛሬ ሦስቴ ዞሬ አየሁት።

ሀብተወልድ መጣ። ግድግዳውን በጣቱ ነካ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። የመንግሥቱን ቤት በጥር ልቀቅ ተብሏል።

"ኪራዩ ስንት ነው?"

"አሥር ብር።"

"ለወዳጅስ?"

"ለወዳጅ አሥር ብር።"

"ነጋዴ!" አለኝ። ግን ወሰዳት። ሌላዋን አንድ አስተማሪ ይዟታል።

ጥር 30፣ እሑድ

ሀብተወልድ ጡረታ ወጥቶ ገባ። አልጋ፣ ሁለት ሳጥን፣ የጃንሆይ ሥዕል። የመጀመሪያውን ኪራይ እዚያው ቆጥሮ ሰጠኝ።

ማታ ለወርቅውሃ እንዲህ አልኳት፦ መንግሥት ለሀብተወልድ ይከፍላል፣ ሀብተወልድ ለኔ ይከፍላል፣ እኔ ለሐጂ። አየሽ፣ ጃንሆይ ሳያውቁት ሐጂን ጡረታ አወጧቸው! "ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል" አለችኝ፤ ግን እሷም ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

የካቲት 1፣ ሰኞ

አሥሯን ብር ለሐጂ ሰጠሁ። መስጊዱ ማዶ፣ ልጆቻቸው በማያዩበት። ወረቀቷን ገልብጠው አዩ፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ ከላይ በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉ። ደስታቸውን ሳየው ልቤ ቀለለኝ... እንዲህ ሳይቀለኝ ስንት ጊዜ ነው?

የካቲት 5፣ ዓርብ

ሐጂ አልመጡም።

የካቲት 12፣ ዓርብ

ዛሬም አልመጡም። አግዳሚው ባዶ ነው። ቢታመሙ እሰማ ነበር። ስንት ጊዜ በር በሩን አየሁ? ሰይዶ "ጋሼ፣ ሰው ትጠብቃለህ?" አለኝ። ማንን እጠብቃለሁ! አልኩት። ተቆጥቼ።

የካቲት 18፣ ሐሙስ

ነገር መጣ።

መጀመሪያ ናፍጣ ሻጩ "ካሁን በኋላ በጥሬ ገንዘብ ይሁን" አለ። ከዚያ ሰይዶ ጭንቅላቱን እያከከ "ደመወዜን በየሳምንቱ ብታደርግልኝ" አለኝ። ሴቶቹ እህላቸውን ጥለው ገበያ ይሄዱ የነበሩት፣ አሁን ጆንያቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ምን ሆነው ነው?

ከሰዓት ሸምሶ መጣ። ባዶውን አግዳሚ አየ። እኔን አየ።

"ተጣላችሁ?"

"ከማን?"

"ከሐጂ! ሁለት ዓርብ ሙሉ አልመጡ። ከተማው ሌላ ወሬ የለው። ሽባባው ምን ቢያደርጋቸው ነው ይላሉ። ዋስነቱን ሊያወርዱ ነው የሚልም አለ።"

"እኛ አልተጣላንም! እንዲያውም እኮ እየከፈል..." ምላሴን ነከስኩ። ዕዳ ነበረብኝ፣ አሁን መክፈል ስለጀመርኩ ነው የቀሩት ልበለው? ብለውስ ያምነኛል?

"እንግዲህ እሑድ እቁብ አለ" አለ ሸምሶ። "ወይ ሐጂን አምጥተህ አሳየኝ፣ ወይ ሌላ ዋስ።"

ሦስት ዓመት ሳልከፍል የታመንኩ ሰው ነኝ። መክፈል ከጀመርኩ ወር ሳይሞላ አጭበርባሪ ሆንኩ።

የካቲት 20፣ ቅዳሜ

ትናንትም አልመጡም። ዛሬ ራሴ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ብቻቸውን ነበሩ፣ ወደ ግድግዳ ዞረው። ከውስጥ የሕፃን ለቅሶና የሴት ጭቅጭቅ ይሰማል። የቀሩበትን ጠየቅኋቸው።

"እየከፈልከኝ አይደል?" አሉ። "የሚከፍል ሰው ደጅ መቀመጥ ነውር ነው። ሰውዬው እየከፈላቸው ሊያስጨንቁት ይመጣሉ ቢሉኝስ?"

"ሐጂ! ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀመጡትስ?"

"ያኔማ አልከፈልከኝም። መብቴ ነበር።"

ናፍጣውን፣ ሰይዶን፣ ሸምሶን ነገርኳቸው። በእውነት ተገረሙ። "ለመሆኑ ሰው እኔን እዚያ ሲያየኝ ምን እያለ ነበር?" አሉ።

"ወዳጁ ናቸው ነው የሚለው።"

ከግድግዳው ወደኔ ዞሩ። "አሁን ብመጣ ምን ብዬ ልቀመጥ?"

"እንደ ወዳጅ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ወዳጅ ነን እንዴ?"

ምን ይባላል? "ከተማው ካወቀው ሦስት ዓመቱ ነው ሐጂ" አልኩ። "ያልሰማነው እኛ ነን።"

ምርኩዛቸውን አነሱ። መልሰው አስቀመጡ። "እንግዲያው ዓርብ እመጣለሁ" አሉ። "ነገም ሸምሶ ቤት አብረን እንገባለን። ግን ጤናህን አልጠይቅህም። ሰልችቶኛል።"

የካቲት 26፣ ዓርብ

መጡ! ገበያተኛው ሁሉ አየ። ሸምሶ ምንም ጉዳይ ሳይኖረው ሁለቴ በደጃፌ አለፈ። ናፍጣ ሻጩ "ኧረ በዱቤ ውሰድ፣ ጥድፊያ የለም" ብሎ ላከብኝ።

ሐጂ ግን... አወሩ። ከተቀመጡበት ደቂቃ እስኪነሱ አወሩ! ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ሚስቶች፣ በወጣትነታቸው ወደ ወልቂጤ በበቅሎ ስለነገዱት ጨው፣ ስለ አንዲት የወልቂጤ በቅሎ ብቻ አንድ ሰዓት። ሞተሩ ሲጮህ እሳቸውም ይጮሃሉ። ጆሮዬ ዛለ። ያ ሁሉ ዝምታ ለካ ዕረፍት ነበር። ወርቅውሃ "እና ደስ አላለህም?" አለችኝ።

የበቅሎዋን መጨረሻ አልነገሩኝም። ምን ሆና ይሆን?

መጋቢት 10፣ ዓርብ

ሐጂ ሲመጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ወሬ የለም። ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ያሽከረክራሉ። በመጨረሻ ሰይዶ ዞር ሲል ጠጋ አሉኝ።

"አቶ ሽባባው... አምስት ብር አለህ? አሥሯ ቶሎ አለቀች። ወር ሲያልቅ እመልሳለሁ።"

ሦስት ዓመት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ሳይጠይቁኝ የኖሩ ሰው፣ ከኔ አምስት ብር ለመጠየቅ ላብ አላባቸው። እጄ ኪሴ ውስጥ ቶሎ ገባ። "ሐጂ፣ እንኳን አምስት ብር!" አልኩ። ደግሞ ኮራሁ፣ አልዋሽም። ቀና ብዬ ነው የዋልኩት።

ሚያዝያ 8፣ ዓርብ

ወሩ ካለቀ ሳምንቱ ነው። የሀብተወልድን ኪራይ ለሐጂ ሰጠሁ፣ ሙሉውን አሥር ብር። አጥፈው ደረታቸው ላይ ከተቱት። ስለ አምስቷ ምንም አላነሱም። ባለፈው ዓርብም አላነሱም። ዛሬም መጥተው ስለ በቅሎዋ አወሩ... ሞታለች፣ ምስኪን። አምስቷን ረስተዋታል? ሊረሷት አይችሉም። እንዴት ብዬ ላንሳባቸው? ገና ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ለወርቅውሃ ነገርኳት። "አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ለምትከፍላቸው ሰው አምስት ብር አበድረህ መጠየቅ አፈርክ?" አለች። "በሚቀጥለው ወር አምስቱን ቀንሰህ ስጣቸዋ!"

እንዴት ተደርጎ? ወዳጄ እኮ ናቸው።